የጆን ስቶት መደርደሪያ፦ ስለ አንድ የሐዋሳ መጻሕፍት ማከራያ ቤት

ከቅዱስ ገብርኤል ካቴድራል አካባቢ ተነሥቶ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በሰሌዳው ላይ «መንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫና ማከራያ» ከሚለው ጽሑፍ በቀር ሌላ መጠሪያ የሌለው ባለ አንድ ክፍል ሱቅ አለ። በሐዋሳ መንፈሳዊ መጻሕፍት የሚሸጡ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ብዙዎቹ ግን የሚተዳደሩት በመዝሙር፣ በግድግዳ ጥቅስ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ መያዣ ቦርሳና ቶሎ በሚሸጡ ቀጫጭን መጻሕፍት ነው። ይህኛው ቤት ከእነርሱ የሚለየው፣ ከመግቢያው በስተግራ ያለውን መደርደሪያ ሙሉ በሙሉ ለአንድ ሰው፣ ለእንግሊዛዊው የአንግሊካን ቄስና የነገረ መለኮት ምሁር ለጆን ስቶት በመስጠቱ ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው ስለዚያ መደርደሪያና መደርደሪያው ለአንባቢ ስለሚሰጠው አገልግሎት ነው፤ የቤቱን ሌሎች መጻሕፍት በሚገባ ስላላየኋቸው ስለ እነርሱ የምለው የለኝም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተከራዩ የመታወቂያውን ቅጂ ይሰጣል፤ ለመጽሐፉ ዋጋ የሚመጥን መያዣ ያስይዛል፤ ስሙና ስልኩ በወፍራሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሳምንቱ ኪራይ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብዙም አይበልጥም፤ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይከፈላል። መጻሕፍቱ በሙሉ በወፍራም ላስቲክ ተለብጠዋል፤ በእያንዳንዱ የኋላ ሽፋን ውስጥ የመመለሻው ቀን በእስክሪብቶ የሚጻፍበት የተሰመረ ወረቀት ተለጥፏል። በመጽሐፍ ላይ ማስመር ፈጽሞ አይፈቀድም። በምትኩ ከድሮ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ የተቆረጡ ቀጫጭን ወረቀቶች ከመጽሐፉ ጋር በነጻ ይሰጣሉ፤ አንባቢው ማስታወሻውን በእነርሱ ላይ ጽፎ በገጾቹ መካከል ያኖራል፤ ሲመልስ ካልወሰዳቸው ደግሞ ባለቤቱ ከመጽሐፉ ሳያወጡ ይተዉአቸዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ቅጂ ከእኔ በፊት ያነበቡት ሰዎች ጥያቄና መልስ የታጨቀበት ሆኗል። እንዲህ ያለውን ነገር በሌላ መጻሕፍት ቤት አላየሁም፤ ቤቱ ያለው አንድ ትልቅ ሀብትም እርሱ ይመስለኛል።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ ሁሉም ሰው «ጋሼ» እያለ ነው የሚጠራቸው። የስቶትን መደርደሪያ ያዘጋጁት መጻሕፍቱ በታተሙበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በራሳቸው ሐሳብ ነው፤ ከላይ የሕይወት ታሪኩ፣ ቀጥሎ ስብከትና የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ፣ ከታች ደግሞ ከበድ ያሉት የነገረ መለኮት ሥራዎች ተቀምጠዋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጋሼ፣ እስኪ ከሁሉም አጭሩን ይስጡኝ» ሲላቸው «አጭሩ የትም አይሄድብህም፣ ልጄ፤ መጀመሪያ ሰውየውን እወቀው» ብለው ወደ ላይኛው ረድፍ ሲያመለክቱት በአጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። እኔም በዚህ ምክር እስማማለሁ። ስቶት ከ50 በላይ መጻሕፍት የጻፉ ሰው ናቸው፤ የኖሩትን ኑሮ የማያውቅ አንባቢ ግን የጻፉትን እንደ ጥሩ የክፍል ማስታወሻ ብቻ አንብቦ የማለፍ አደጋ አለበት።

የላይኛው ረድፍ ዋና ንብረት ጳጳሱ ቲሞቲ ደድሊ-ስሚዝ በ1999 እና በ2001 በሁለት ቅጽ ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የልጅነታቸውን ዘመን በዝርዝር ያሳያል። ስቶት ሚያዝያ 27 ቀን 1921 በለንደን ተወለዱ። አባታቸው ሰር አርኖልድ ስቶት ስመ ጥር ሐኪም ነበሩ፤ ነገር ግን ሃይማኖት ያን ያህል የሚስባቸው ሰው አልነበሩም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዷቸው የነበሩት በሉተራን እምነት ያደጉት እናታቸው ናቸው። በ1938፣ ገና የራግቢ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ፣ ኤሪክ ናሽ የተባሉ ቄስ ለተማሪዎቹ ከተናገሩ በኋላ ስቶት ቀርበው ጠየቋቸው፤ በዚያው ምሽትም በአልጋቸው አጠገብ ተንበርክከው ልባቸውን ለክርስቶስ ሰጡ። ናሽ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየሳምንቱ ደብዳቤ ይጽፉላቸው ነበር፤ አንዳንዱም ጠንካራ ተግሣጽ ያዘለ ነበር። በየአጥቢያችን ወጣቶችን የምናስተምር ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቀስ ብለን ብናነበው እወዳለሁ፤ አንድ ወጣት በአንድ ምሽት ለወሰነው ውሳኔ ቄሱ ስንት ዓመት ደብዳቤ እንደ ጻፉ ማየት ያስፈልገናል።

አባትየው ልጃቸው በዲፕሎማትነት እንዲሠራ ይመኙ ነበር፤ ልጁም በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ በፈረንሳይኛም በነገረ መለኮትም ከፍተኛውን ማዕረግ አገኙ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ግን ወጣቱ ስቶት መሣሪያ ማንሣትን ኅሊናቸው አልፈቀደላቸውም፤ ለቅስና መማርንም መረጡ። በጦር ሠራዊቱ የሕክምና ክፍል በከፍተኛ ማዕረግ ያገለግሉ ለነበሩት አባት ይህ ሊዋጥ የሚችል ነገር አልነበረም፤ በአባትና በልጅ መካከልም ረጅም ቅዝቃዜ ሰፈነ። የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ይህን ሲተርኩ አባትየውን አያዋርዱም፤ ልጁንም ነቀፋ እንደማይነካው ቅዱስ አያደርጉም። ቤተሰቡ ሳይፈልግ ወደ አገልግሎት የገባ ሰው በሐዋሳ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ከወረቀቶቹ አብዛኞቹ ያሉት በእነዚህ ገጾች መካከል ነው።

ስቶት በ1945 ዲቁና ተቀብለው በለንደን በላንግሃም ፕሌስ በሚገኘው የኦል ሶልስ ቤተ ክርስቲያን ረዳት አገልጋይ ሆኑ። በልጅነታቸው የሚሄዱበትም ይኸው ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1950፣ በ29 ዓመታቸው፣ የአጥቢያው አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 1975 በዚያ ኃላፊነት ቆዩ፤ ከዚያም በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የዚያው ቤተ ክርስቲያን የክብር አስተዳዳሪ ነበሩ። ሕንጻው በ1940 በቦምብ ተመትቶ ስለ ነበር እንደገና የተከፈተው በ1951 ነው። ከ1959 እስከ 1991 የንግሥት ኤልሳቤጥ የክብር ቄስ ሆነው አገልግለዋል። ይህ ሁሉ ክብር ያላቸው ሰው ግን ሚስት ሳያገቡ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ማለት ይቻላል በዚያው ሰፈር ኖረው፣ በኋለኞቹ ዓመታት ከአስተዳዳሪው መኖሪያ ጀርባ፣ ከመኪና ማቆሚያ በላይ በተሠራች ሁለት ክፍል ቤት ነበር የሚያድሩት። ከ1956 ጀምሮ ጸሐፊያቸው የነበሩት ፍራንሲስ ኋይትሄድ የእጅ ጽሑፋቸውን ሁሉ በጽሕፈት መኪና እየጻፉ እስከ መጨረሻው አብረዋቸው ሠርተዋል። እኔ በበኩሌ ስለ ስቶት ትሕትና ከሚነገሩት ብዙ ነገሮች ይልቅ ይህች ሁለት ክፍል ቤት የበለጠ ታሳምነኛለች፤ ምክንያቱም መጻሕፍቱ የሚያስገኙት ገንዘብ ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ የምትነግረን እርሷ ናት።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ 1966 አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ የሁለተኛው ቅጽ ጠርዝ በብዙ ጣት ተነክቶ የጠቆረው በዚህ ስፍራ ላይ ነውና። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር በለንደን በተደረገ የወንጌላውያን ጉባኤ፣ በዘመኑ እጅግ የተከበሩት ሰባኪ ማርቲን ሎይድ-ጆንስ፣ ወንጌላውያን የነገረ መለኮት ጥራት ከጎደላቸው ታላላቅ ቤተ እምነቶች ወጥተው በአንድነት እንዲቆሙ ጥሪ አቀረቡ። የመድረኩ ሰብሳቢ የነበሩት ስቶት ጉባኤው ሳይበተን ተነሥተው፣ ታሪክም መጽሐፍ ቅዱስም ከዚህ ሐሳብ ጋር እንደማይቆም በሕዝብ ፊት ተናገሩ። በዓመቱ፣ በ1967፣ በእንግሊዝ አገር በኪል በተደረገው ጉባኤ የአንግሊካን ወንጌላውያን በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ሆነው ለመሥራት ቆርጠው ተነሡ። ስቶት ሰብሳቢ ሆነው ሳለ የተናጋሪውን ሐሳብ በዚያው መድረክ መቃወማቸው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኔ የያዙት አቋም ትክክል ነበር፣ የመረጡት ሰዓት ግን አልነበረም ባይ ነኝ። ሁለቱ ሰዎች በኋላ ተገናኝተው በአክብሮት መነጋገራቸውን ማንበብ፣ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ስትከፈል አይተው ለሚያውቁ የከተማችን ምእመናን ትልቅ ትምህርት ነው። በገጾቹ መካከል ካገኘኋቸው ወረቀቶች አንዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «መቆየትስ እስከ መቼ?» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ «ቃሉን እስካልከለከሉህ ድረስ» የሚል መልስ ተሰጥቷል።

ሁለተኛው ቅጽ ስቶት የዓለም ሰው የሆኑበትን ዘመንም ይተርካል። በሐምሌ 1974 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ከ150 አገሮች የተውጣጡ የወንጌላውያን መሪዎች ሲሰበሰቡ፣ 15 አንቀጽ ያለውን የሎዛን ቃል ኪዳን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት እርሳቸው ነበሩ። የሰነዱ አምስተኛ አንቀጽ ወንጌል መስበክና ለማኅበራዊ ፍትሕ መቆም ሁለቱም የክርስቲያን ግዴታ መሆናቸውን ያስቀምጣል። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችውን ደብዳቤ ማስታወሱ አይቀርም። ያ ደብዳቤ ለጋሽ አብያተ ክርስቲያናት ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል መንፈጋቸውን፣ ሰውን ለሁለት መክፈላቸውንም ተቃውሟል። በሎዛን ግን ክርክሩ ከሌላ አቅጣጫ ነበር፤ ለወንጌል ስብከት የሚሮጡት ሰዎች ድሃውን እንዳይዘነጉት ማድረግ ነበር ጉዳዩ። ሁለቱም መንገዶች አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ ዘመን ተገድለዋል፤ ስቶት ደግሞ በ1982 በለንደን ክርስቲያኖች የዘመኑን ጥያቄዎች የሚያጠኑበትን ተቋም መሥርተው፣ በ1984 ስለ ጦር መሣሪያ፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ሥራና ስለ ዘር ልዩነት ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። ጋሼ ከስቶት መጻሕፍት አጠገብ ስለ ቄስ ጉዲና የተጻፈ አንድ ነገር ቢያኖሩ መደርደሪያው ይበልጥ ይሞላ ነበር፤ ይህን ለእርሳቸውም ነግሬአቸዋለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እመለሳለሁ። ስቶት በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ሲዘዋወሩ ደጋግመው ያዩት ነገር፣ ሺህ ሰው የሚያስተምር መጋቢ በቤቱ አሥር መጽሐፍ እንኳ የሌለው መሆኑን ነበር። ስለዚህ በ1969 ላንግሃም ትረስትን፣ በ1971 ደግሞ የወንጌላውያን ሥነ ጽሑፍ ትረስትን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ከእነዚህ አገሮች የሚመጡ ምሁራን በነገረ መለኮት የዶክትሬት ትምህርት ተምረው ወደ አገራቸው ተመልሰው እንዲያስተምሩ የሚረዳ ሆነ፤ ሁለተኛው ለመጋቢዎች፣ ለተማሪዎችና ለነገረ መለኮት ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት የሚያደርስ ነበር። ከመጻሕፍታቸው ሽያጭ የሚያገኙትን ድርሻም ለዚሁ ሥራ ሰጡት። በ1958 የወጣው «መሠረታዊ ክርስትና» ብቻውን ከ50 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በሚሊዮኖች ቅጂ የተሸጠ መጽሐፍ መሆኑን ስናስብ፣ የሰጡት ገንዘብ ትንሽ አልነበረም። ሁለቱ ሥራዎች በ2001 ላንግሃም ፓርትነርሺፕ በሚል ስም በአንድ ጥላ ሥር ሲገቡ፣ አመራሩን የተረከቡት ሌላው የአንግሊካን ቄስና የብሉይ ኪዳን ምሁር ክሪስቶፈር ራይት ናቸው።

የሐዋሳውን ማከራያ ቤት ከፍ አድርጌ የምመለከተው በዚህ ምክንያት ነው። የውጭ አገር መጽሐፍ ዋጋ የምንዛሬው ለውጥ ከመጣ ወዲህ አንድ የአጥቢያ አገልጋይ በደመወዙ የሚደፍረው አልሆነም፤ አንዱን ወፍራም የነገረ መለኮት መጽሐፍ ለመግዛት ወር ሙሉ መቆጠብ ይጠይቃል። ቤቱ የሚያደርገው ያንን ዋጋ ለብዙ ተከራዮች ማከፋፈል ነው። አንድ የገጠር ወንጌላዊ ከሐዋሳ ዙሪያ በባጃጅ መጥቶ፣ የማብራሪያ መጽሐፉን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ሲወስድ አይቻለሁ፤ ጋሼ መያዣውን ግማሽ አድርገውለት «እሑድ ሰብከህበት ሰኞ ትመልሰዋለህ» አሉት። ስቶት በሥራቸው ያሰቡት አንባቢ ይህ ሰው ይመስለኛል፤ ለሰውየውም የደረሰለት ይህ አንድ ክፍል ሱቅ ነው።

ስለ መካከለኛውና ስለ ታችኛው ረድፍ አጠር አድርጌ ልናገር። የማብራሪያ መጻሕፍቱ፣ ማለትም በገላትያ፣ በኤፌሶን፣ በሁለተኛ ጢሞቴዎስና በተራራው ስብከት ላይ የተጻፉት፣ ለሰባኪ ከሁሉም የሚጠቅሙ ናቸው፤ ምዕራፉን ከፍለው፣ ሐሳቡን አስተካክለው፣ ከዚያ ዛሬ ምን እንደሚል ይጠይቃሉ፤ እንግሊዝኛቸውም ቀላልና ጥርት ያለ ነው። በ1986 የታተመው «የክርስቶስ መስቀል» ግን ሌላ ነገር ነው። በእኔ አስተያየት የስቶት ትልቁ ሥራ እርሱ ነው፤ እግዚአብሔር ሌላ ሦስተኛ ወገን ሳይሆን ራሱን በልጁ ስለ እኛ አሳልፎ እንደ ሰጠ በትዕግሥት ያስረዳል፤ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ደግሞ የሚሠቃየውን ሰው ይዞ ወደ መስቀሉ ሥር ይመጣል። ከሳምንት በላይ ጊዜ ስለሚጠይቅ ይህን መጽሐፍ የሚከራይ ሰው ከመጀመሪያው ኪራዩን ለሁለት ሳምንት ቢያደርግ ይሻለዋል። በ1988 ከአንድ ሊበራል ምሁር ጋር ያደረጉት የጽሑፍ ውይይትም በዚያ ረድፍ አለ፤ ስቶት በዚያ መጽሐፍ ስለ ዘላለም ቅጣት፣ ኃጥኣን በመጨረሻ ይጠፋሉ ወደሚለው አመለካከት ማዘንበላቸውን በጥንቃቄ ገልጸው ብዙ ወዳጆቻቸውን አስደንግጠዋል። እኔ በዚህ ነጥብ አልከተላቸውም። ሆኖም ጋሼ መጽሐፉን አልደበቁም፣ ማስጠንቀቂያም አልለጠፉበትም፤ ሲጠየቁ ብቻ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ያሳያሉ፤ አንባቢን እንዲህ ማመን ለመንፈሳዊ መጻሕፍት ቤት ተገቢ ይመስለኛል።

ከመደርደሪያው ውጭ፣ በባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እዚያው ብቻ የሚነበብ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ስቶት በ1999 ስለ ወፎች የጻፉት፣ ራሳቸው ያነሧቸው ፎቶግራፎች ያሉበት ባለ ቀለም ሥራ ነው። ስቶት ከልጅነታቸው ጀምሮ ወፍ ተመልካች ነበሩ፤ ለስብከት በሄዱበት አገር ሁሉ አቅርቦ የሚያሳየው መነጽራቸው ከሻንጣቸው አይጠፋም ነበር። አብዛኞቹን መጻሕፍታቸውን የጻፉበት በዌልስ የባሕር ዳርቻ ያለው ቤትም የወፎች አገር ነበር፤ ለብዙ ዓመታት የኤሌክትሪክ መስመር አልገባበትም። አሞራ ገደል ሄዶ አባ ኮዳዎቹ ዓሣ አጥማጆቹን ከብበው ሲቆሙ ላየ ሰው ይህ መጽሐፍ ከሁሉም የሚቀርብ ነው፤ ልጆችን ይዞ መምጣት ይቻላል፣ ባለቤቱም ገጹን ራሳቸው እየገለጡ ያሳዩአቸዋል።

ጉድለቶች አሉ። የሕይወት ታሪኩ ሁለተኛ ቅጽ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ በየጊዜው በሰው እጅ ነው፤ የመጀመሪያውን ጨርሶ ሁለተኛውን መጠበቅ አንባቢን ይሰብራል። መጻሕፍቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ስለዚህ መደርደሪያው ከሁሉ ይልቅ ለሚያስፈልጋቸው በርካታ አገልጋዮች ዝግ ሆኖ ይቀራል፤ ጋሼ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ምዕራፍ በአማርኛ እየተረኩ ቢያወያዩ ብዙ ሰው የሚመጣ ይመስለኛል። የቤቱ ብርሃን ደካማ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ በቀር ማንበብ አይቻልም። ወንበሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው። መዝገቡ በእጅ ስለሚጻፍ አንድ መጽሐፍ መቼ እንደሚመለስ ለማወቅ ባለቤቱ ራሳቸው መኖር አለባቸው፤ እርሳቸው በሌሉበት የሚቀመጠው ወጣት ትሑት ነው፣ ግን መጻሕፍቱን አያውቃቸውም።

ስቶት ሐምሌ 27 ቀን 2011 በ90 ዓመታቸው በእንግሊዝ አገር ለአረጋውያን ካህናት በተዘጋጀ ማረፊያ ቤት አርፈዋል፤ የላይኛው ረድፍ የሕይወት ታሪክ ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ስለታተመ የመጨረሻዎቹን ዓመታት አይዝም። በ2010 የወጣው የመጨረሻ መጽሐፋቸው፣ ስለ እርጅናና በሌላ ሰው ላይ ስለ መደገፍ የጻፉበት ትንሽ ሥራ፣ ያንን ክፍተት በከፊል ስለሚሞላ ሁለቱን ቅጾች እንደ ጨረሱ እርሱን መከራየት ይገባል። ቤቱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይከፈታል፤ ጋሼ የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ ነው። ሁለተኛውን ቅጽ የሚፈልግ ሰው ስሙንና ስልኩን በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቢያስመዘግብ፣ ተራው ሲደርስ ይደውሉለታል።